«ዲፈርድ» ብዬ የጻፍኩበት ካርድ

(በ1998 ዓ.ም. የሕክምና ምሩቃን 20ኛ ዓመት መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «በፈለግሽው ርዕስ 20 ደቂቃ ተናገሪ» ሲለኝ ርዕሴን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እሺ፣ ግን ከምሳ በፊት ይሁን ወይስ ከምሳ በኋላ?» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። ስለ ትልቁ አንጀትና ስለ ፊንጢጣ ማውራት ለማዕድ አይመችም። ግን እስቲ ቆላ ድባን አስታውሱ። ለቲቲፒ ከጎንደር የወጣን ጊዜ ደብተር ይዘን በየቤቱ እየዞርን «ሽንት ቤት አላችሁ ወይ? ልጆቹስ የት ነው የሚጸዳዱት?» ስንል ማን አፈረ? ቀን ጉድጓድ ስንቆጥር ውለን፣ ማታ እራት እየበላን ነበር ቁጥሩን የምንደምረው። የመንደር ሙሉ ሰገራ ለማውራት አናፍርም ነበር። የምናፍረው አንድ ሰው ብቻውን ፊታችን ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደም ያየሁ መሰለኝ» ሲል ነው። ዛሬ የምነግራችሁ እኔ ያፈርኩበትን ቀን ነው።

ጊዜው 2000 ዓ.ም. ነው። ከተመረቅን ሁለት ዓመት ሆኖናል። በአንድ የክልል ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ገበያ ቀን ስለነበር ተመላላሽ ክፍሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ከቀትር በኋላ አንድ የ26 ዓመት ወጣት ገባ። የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ጫማው የተወለወለ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሰካ። ሰገራው ላይ ደም ማየት ከጀመረ ሁለት ወር ሆኖታል። ከኔ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዶ ሁለት ጊዜ «አሜባ ነው» ተብሎ ሜትሮኒዳዞል ወስዷል። ለጥቂት ቀን የተሻለው መሰለው፤ ከዚያ ተመለሰበት። መቀመጥ ያሳምምሃል? አልኩት። አልፎ አልፎ አለኝ። ያብጣል? እንጃ። ሲወጣ ይሰማሃል፣ አልጨረስኩም የሚል ስሜት አለህ? አዎ አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

እንግዲህ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን። የቀዶ ሕክምና መምህራችን (እዚሁ አዳራሽ ተቀምጠዋል፣ ስማቸውን አልጠራም፣ እየሳቁ ነው) አልጋ አጠገብ ቆመን ታሪኩን፣ የደም ግፊቱን፣ የልብ ምቱን አሳምረን ስናነበንብ ሰምተው ሰምተው በመጨረሻ «ጣትህስ ምን አገኘ?» ይሉን ነበር። መልስ የሌለው ተማሪ ጓንቱን አድርጎ ወደ ታማሚው ይመለሳል። ሌላ ንግግር የለም።

ያን ቀን ግን መምህራችን አጠገቤ አልነበሩም። ክፍሉ መጋረጃ የለውም። በሩ ሳይንኳኳ በየሁለት ደቂቃው ይከፈታል። ጓንት ከድንገተኛ ክፍል ነው የሚመጣው። እኔ የ26 ዓመት ሴት፣ እሱ የ26 ዓመት ወንድ። «በጣት ላይህ ይገባ ነበር» ብዬ ጀመርኩ፤ ፊቱ ቀላ። እኔም ደነገጥኩ። «ለማንኛውም ይሄ ኪንታሮት ይመስላል» አልኩት። እሱም እፎይ አለ፣ እኔም እፎይ አልኩ። ቅባት ጻፍኩለት፣ ውኃ ጠጣ፣ አትክልት ብላ አልኩት፣ አመስግኖኝ ወጣ። ካርዱ ላይ በእጄ ጽሑፍ «ፒአር፦ ዲፈርድ» ብዬ ጻፍኩ። የሕክምና ሰው ላልሆናችሁ፣ «ፒአር» በጣት የሚደረገው የፊንጢጣ ምርመራ ነው፤ «ዲፈርድ» ደግሞ «ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» ማለት ነው። ያ ሌላ ጊዜ መቼ እንደሆነ ካርዱ አይጠይቀንም።

ከስምንት ወር በኋላ ተረኛ ሆኜ ድንገተኛ ክፍል አገኘሁት። መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ በጣም ከስቷል። ሆዱ ተነፍቷል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሰገራም አየርም አልወጣውም። ቅባቱ አልሠራ ሲለው ኪንታሮት በባህል መድኃኒት ወደሚነቅል ሰው ሄዶ ነበር። እኛ ሐኪሞች ይህን ስንሰማ ከንፈር እንመጣለን። ግን ማን ላከው? «ኪንታሮት ነው» ያልኩት እኔ ነኛ! የበሽታውን ስም ከኔ ወስዶ፣ ለዚያ ስም መድኃኒት አለኝ የሚል ሰው ጋ ሄደ። ስህተቱ ስሙ ላይ ነው የነበረው።

የቀዶ ሐኪሙ መጣ። ጓንት አደረገ። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ጣቱ ገና ሳያልቅ ጠጣር፣ ዙሪያውን የያዘ እጢ አገኘ። ከዚያ የቀድሞውን ካርድ አስመጣ፣ ገለጠ፣ አነበበ። ወደኔ አላየም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሆዱ ተከፍቶ አንጀቱ በጎን እንዲወጣለት ተደረገ። ጉበቱ ላይ ደርሶ ነበር። ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ተጻፈለት፤ በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ ወረፋውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ወረፋው አልደረሰውም። ሃያ ስምንት ዓመት አልሞላውም። እናቱ ከቀብሩ በኋላ በትንሽ ቅል ማር ይዘው መጥተው «ስለ ልጄ የደከምሽው፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተርዬ» አሉኝ። ማሩን ተቀበልኩ። ምንም አልነገርኳቸውም። ለእሱም በሕይወት እያለ አልነገርኩትም። ይህን በሰው ፊት ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ያኔ ብታዪው ይድን ነበር ወይ?» ትሉ ይሆናል። አላውቅም ብል ራሴን ማባበል ይሆናል። እጢው ያኔም እዚያው ጣት የሚደርስበት ቦታ ነበር። የአሜሪካን አኃዝ ብንወስድ ካንሰሩ ከአንጀቱ ሳይወጣ ከተገኘ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ያህል አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል፤ ጉበት ወይም ሳንባ ደርሶ ሲገኝ ግን ከአሥሩ የሚተርፉት አንድ ወይም ሁለት ናቸው። ስምንት ወር በእነዚህ በሁለቱ መካከል የት ላይ እንደሚወድቅ ለእሱ ማስላት አልችልም። ለሌሎቹ ግን ማስላት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ትልቁ ሥዕል ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች የትልቁ አንጀት ወይም የፊንጢጣ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፣ ከ900 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተዋል። በገዳይነት ከሳንባ ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። እኛ ስንማር «የሽማግሌ በሽታ» ብለን ነው ያጠናነው፤ ከ50 በታች ከሆነ ከፈተና መልሶቹ ውስጥ እንሰርዘው ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። በአሜሪካ ከ1990 አካባቢ የተወለደ ሰው፣ በ1950 አካባቢ የተወለደው በዚያው ዕድሜው ከነበረው ጋር ሲነጻጸር የኮሎን ካንሰር ሥጋቱ እጥፍ፣ የፊንጢጣው ደግሞ አራት እጥፍ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ50 ዓመት በታች ባሉት ዘንድ በካንሰር ሞት አራተኛ ነበር። በ2024 በወጣው ዘገባ በወንዶች አንደኛ፣ በሴቶች ሁለተኛ ሆኗል። ልጆቻችን «ብላክ ፓንተር» ብለው የሚወዱት ቻድዊክ ቦዝማን በ2016 ሲነገረው በሽታው ደረጃ ሦስት ላይ ነበር፤ በ2020 ሲሞት 43 ዓመቱ ነው። እኔ የዚያን ጊዜ 39 ዓመቴ ነበር። ዜናውን ያነበብኩት ተረኛ ክፍል ተቀምጬ ነው፣ ወዲያው ትዝ ያለኝም ያ መምህር ነው።

ለምን ወጣቶቹን ያዘ? ውፍረት፣ ስኳር፣ አለመንቀሳቀስ፣ መጠጥ፣ ሲጋራ፣ የታሸገና የተቀነባበረ ሥጋ ድርሻ አላቸው። ግን ክሊኒክ ውስጥ የማያቸው ወጣቶች ብዙዎቹ ቀጫጭን፣ የማያጨሱ፣ ጾም የሚጾሙ ናቸው። በ2025 የወጣ አንድ ትልቅ የጂን ጥናት ደግሞ አንዳንድ የኢ. ኮላይ ዝርያዎች የሚያመነጩት ኮሊባክቲን የሚባል መርዝ በወጣቶቹ እጢ ላይ አሻራውን በብዛት ትቶ አግኝቷል፤ ምናልባትም ከልጅነት ጀምሮ። ደስ የሚል ጥናት ነው፣ መምህራኖቻችን ለተማሪ አንብቡላቸው። ነገ ጠዋት ተመላላሽ ክፍል ለሚቀመጥ ሐኪም ግን የሚለውጠው ነገር የለም።

በአገራችንስ? የአዲስ አበባው የካንሰር ምዝገባ እንደሚያሳየው ይህ ካንሰር በወንዶች ላይ በብዛት ከሚገኙት ግንባር ቀደሙ ነው። ከየሆስፒታሉ የሚወጡ ጥናቶችም ታማሚዎቹ አብዛኞቹ ደረጃ ሦስትና አራት ላይ እንደሚደርሱ ይናገራሉ። ወጣት ታማሚ እንደሚበዛብን ሁላችንም በዓይናችን እናያለን። እዚህ ላይ ግን እንጠንቀቅ፦ ሕዝባችን ራሱ ወጣት ነው፣ ከግማሽ የሚበልጠው ከ25 ዓመት በታች ነው፤ ስለዚህ ወጣት ታማሚ በዛ ማለት ብቻውን እንደ አሜሪካ በሽታው በወጣት ላይ ጨመረ ማለት አይደለም። ላምናችሁ የምፈልገው ክርክሩ ለኔ ሥራ ምንም ለውጥ እንደማያመጣ ነው። ፊቴ የተቀመጠው የ28 ዓመት ልጅ ጨምሮ ይምጣ ሳይጨምር፣ ደም እየፈሰሰው ነው።

አሜሪካኖች ምርመራ የሚጀመርበትን ዕድሜ ከ50 ወደ 45 ዝቅ አድርገዋል፤ የካንሰር ማኅበራቸው በ2018፣ የመንግሥት መመሪያ የሚያወጣው ቡድን በ2021። እኛ ምልክት የሌለውን የ45 ዓመት ሰው ሁሉ ኮሎኖስኮፒ እናድርግ ብንል ማሽኑም ባለሙያውም አይበቃም። እሱን አልልም። የምለው ምልክት ይዞ የመጣውን አንመልስ ነው። በ2023 የወጣ ጥናት ከ50 በታች ባሉ ሰዎች ላይ ካንሰሩ ከመታወቁ ወራት አልፎም ዓመታት ቀድመው የሚታዩ አራት ምልክቶችን ለይቷል፦ የሆድ ሕመም፣ በሰገራ ደም፣ ተቅማጥና ከብረት እጥረት የሚመጣ ደም ማነስ። አራቱን እዩዋቸውና በኛ አገር ስማቸውን ጥሩ። የሆድ ሕመሙ «ጨጓራ»። ደሙ «ኪንታሮት»። ተቅማጡ «አሜባ» ወይም «ጃርዲያ»። ደም ማነሱ «የምግብ እጥረት» ወይም «ወስፋት»፤ ሴት ከሆነች ደግሞ «የወር አበባዋ ነው» ወይም «ከወለደች ገና አልጠናችም»። አራቱም ስም ዝግጁ ነው፣ አራቱም ርካሽ መድኃኒት አለው፣ አብዛኛውን ጊዜም ትክክል ነው! ችግሩ እሱ ላይ ነው። መቶ ጊዜ ትክክል ስትሆን መቶ አንደኛውን አታየውም።

ስለዚህ ለራሴ ያወጣሁትን ደንብ ልንገራችሁ፤ መመሪያ አይደለም፣ ከዚያ ካርድ ወዲህ የምሠራበት ነው። አሜባ ብዬ አንድ ጊዜ ላክም እችላለሁ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ ጣት ምርመራ አልጽፍም። የደም ማነስ ያለበት ወጣት ወንድ ከመጣ የብረት ክኒኑን እሰጠዋለሁ፣ ግን ደሙ በየት በኩል እንደሄደ ሳላውቅ ዶሴውን አልዘጋም። ኪንታሮት ያለው ሰው ካንሰር አይኖረውም ያለ የለም፤ ኪንታሮቱን በዓይኔ ባየውም ጣቴን አልመልስም። የሰገራ ልማዱ ተለውጦ ከስድስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም ሳይፈልግ ከከሳ፣ ወደ ኮሎኖስኮፒ እልካለሁ። ወጣት ሲከሳና ሆዱን ሲያመው «የአንጀት ቲቢ» ብለን ያለ ናሙና መድኃኒት የምናስጀምራቸውም አሉ። ቲቢ ይሆናል፣ አገሩ የቲቢ አገር ነው። ናሙና ግን ይወሰድ።

ደግሞ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። በወጣቶች ላይ የሚወጣው እጢ በአብዛኛው በግራ በኩልና ፊንጢጣው አጠገብ ነው። ሁሉንም ጣት አይደርስበትም፣ ግን ቀላል የማይባለውን ይደርስበታል። መብራት ቢጠፋ፣ ሬጀንት ቢያልቅ፣ ማሽኑ መለዋወጫ ሲጠብቅ ዓመት ቢቆም፣ ጣት አይበላሽም።

ሀፍረቱን ምን እናድርገው? እኔ ታማሚው ያፍራል እያልኩ ለዓመታት ሳመካኝ ኖሬያለሁ። አሁን የማየው ሌላ ነው። «ይህን ምርመራ ለሁሉም ነው የማደርገው፣ ትንሽ ይጎረብጥሃል፣ አያምህም፣ ነርሷ አብራን ትቆማለች፤ ይሁን?» ብዬ ስጠይቅ እንቢ የሚለኝ በጣም ጥቂት ነው። ከስንት ሰው ደብቆ፣ ከስንት ወር በኋላ ደፍሮ የመጣ ሰው እኮ ነው! ካፈርኩ የማፍረው እኔ ነኝ። ሴት ታማሚዎች ሴት ሐኪም ይፈልጋሉ፣ ይህ መብታቸው ነው፤ የሚቻል ከሆነ እናገናኛቸው፣ ካልሆነ ምርጫውን ለእነሱ እንተውላቸው እንጂ ስለ እነሱ ሆነን «ዲፈርድ» አንበል።

ስለ ቤተሰብ ሳልናገር ባልፍ ያጎደልኩ ይሆናል። የውስጥ ደዌ ስፔሻላይዜሽኔን ጨርሼ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ የዚያ መምህር ታላቅ እህት አፈላልጋ መጣች። እሷም ሆዷን ያማት ነበር። ያን ጊዜ ነው ለወንድሟ ያልጠየቅኩትን ጥያቄ የጠየቅኩት፦ አባታችሁ በምን ሞቱ? «በሆድ» አለችኝ። በስንት ዓመታቸው? «አርባ አልሞላውም። መተት ነው ተብሎ ጠበል ነበር።» የአባት ወንድምም እንዲሁ። እንግዲህ ሊንች ሲንድሮምን ለፈተና አጥንተናል፤ ከመቶ ታማሚ ሦስት ያህሉ ላይ ያለ፣ በዘር የሚወርድ። የጂን ምርመራ ባናገኝም ጥያቄው ነፃ ነው። የቅርብ ዘመዱ የታመመበት ሰው በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀድሞ መታየት አለበት፤ ሊንች ከተጠረጠረ ደግሞ በየአንድና ሁለት ዓመቱ ነው። እህቲቱ ኮሎኖስኮፒ ተደረገላት፣ ሁለት ፖሊፕ ተገኘ፣ ሁለቱም እዚያው ተቆርጠው ወጡ። ካንሰር አልነበሩም። ፖሊፕ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ሊንች ባለበት ግን ይቸኩላል። አሁንም በየጊዜው ትመጣለች። ስለ ወንድሟ ካርድ ለእሷ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለችና «እሱ ላንቺ ደስ ብሎት ነበር የወጣው፤ ጥሩ ሐኪም ናት ብሎ ነው የነገረን» አለችኝ። ከዚህ በላይ ስለዚህ አልናገርም።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ራሳችን። በ1992 ዓ.ም. ስንገባ 18 እና 19 ነበርን፤ ሂሳቡን ሥሩት። እዚህ አዳራሽ ያለን የባቹ ልጆች ወይ 45 ሞልተናል ወይ ደጃፉ ላይ ነን። ከአሜሪካ የመጣችሁ መድኃኒት ቤቱም መድኑም አላችሁ፤ ምልክት ባይኖራችሁም ወይ በየዓመቱ የሰገራ ምርመራ፣ ወይ በየአሥር ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ ነው። እንደማታደርጉት አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ሐኪም ናችሁ። ትናንት ማታ እራት ላይ አንዱ ወዳጃችን (አይዞህ፣ አልጠራህም) «እኔም አልፎ አልፎ ደም አያለሁ፣ ኪንታሮት ነው» ሲለኝ ማን አየህ ብዬ ጠየቅኩት። «ራሴ» አለኝ። እንዴት አድርገህ? አልኩት። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ ሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ይዤለታለሁ።

በመጨረሻ ስለ ባቹ ስጦታ። ፕሮጀክተርና ሶፋ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ኮሎኖስኮፕ እንግዛ ያላችሁም አላችሁ፤ እኔም እወዳለሁ፣ ግን የሚጠግነው ባለሙያና የመለዋወጫ ገንዘብ አብሮ ካልታሰበ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቁም ሣጥን ውስጥ እናገኘዋለን። የኔ ሐሳብ ያነሰ ነው። ተማሪዎች ለልምምድ ለሚወጡባቸው ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በየምርመራ ክፍሉ መጋረጃ፣ በሩ ላይ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ፣ ሳጥን ሙሉ ጓንት፣ ቫዝሊን፣ እና የሚቀቀል የብረት ፕሮክቶስኮፕ። ዋጋውን አስጠንቼ ወረቀቱን በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ የምትስማሙ ስማችሁን ጻፉበት። ያ ወዳጃችን ቀድሞ ይፈርም።

ምሳ ቀርቧል ተብያለሁ።